አረንጓዴ የተባለው አረም

ከቤታችን ጀርባ ያለው ተራራ የማዘጋጃ ቤት መሆኑን በወጉ ያወቅሁት አረም ስነቅል የተያዝኩ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ተራራው የማንም አልነበረም፤ ወይም የሁላችንም ነበር። ጥበቃው ማጭዴን ከእጄ ተቀብለው የመንግሥት ነው፣ አይነካም ሲሉኝ የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ባሌ ጊዜ ሲያልፍ ይበርድልሻል ይለኝ ነበር። አልበረደም። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እኔ የአዲስ ዓለም፣ የጎንደር የሙስሊሞች ሰፈር፣ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ፣ አያቴም ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ያደግሁት በአቡጀዲና በከፋይ ጥቅል መካከል ነው። ስለ ዕፅዋት የማውቀው ነገር ቢኖር ቅመም ተራ የሚሸጠውን ብቻ ነበር። አግብቼ የገባሁበት የባሌ ቤተሰብ ቤት ግን ጎንደር ዳር፣ ከተራራው ግርጌ ነው። ጓሯችን ሲያልቅ ተራራው ይጀምራል። በመካከሉ አንድ ረድፍ ቁልቋል እንጂ አጥር አልነበረም።

ተራራውን ያስተዋወቁኝ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ናቸው። አስም ስላለባቸው ሐኪም ቀስ ብለው በእግር ይሂዱ ብሏቸው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን ይዤ እያረፍን ወደ ላይ እንወጣለን። እሳቸው በልጅነታቸው ልብስ ያጠቡበትን እንዶድ ያሳዩኛል፤ ከወይራው መፋቂያ ይቆርጡልኛል። አጋሙ ሲበስል ጥቁር ፍሬውን በመሐረባቸው ይለቅሙና እየበላን እንመለሳለን፤ እጃችንም አፋችንም ወይን ጠጅ ይሆናል። ክትክታው በጣም ከመብዛቱ የተነሳ ነፋስ ሲነፍስ ዳገቱ ሁሉ ይንሿሿ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ሁሉ ለእኔ ቁጥቋጦ ነበር። ኋላ ኋላ እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ስጀምር አማቴ ደስ ይላቸውና አሁን የዚህ ሰፈር ሰው ሆንሽ ይሉኛል።

ከእኛ ቀጥሎ የሚኖሩት ባላቸው የሞቱባቸው ክርስቲያን ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላቸው። ትውልዳቸው ከማክሰኝት ወዲያ ካለ ገጠር ነው፤ ንግግራቸውም እንደዚያው። አንዲት ዳለቻ ላም ነበረቻቸው። ላሚቱ ቀን ተራራው ላይ ትውላለች፣ እሳቸው የወተት ቅላቸውን በወይራ ያጥናሉ፣ ጠዋት ወተቱን ለጎረቤት ይሸጣሉ። ኑሯቸው ይኸው ነበር። የእናቴ እህት አዲስ ዓለም ውስጥ ሻይ ቤት ስላላት ከእሳቸው ጋር ያገናኘኋት እኔ ነኝ፤ የወተቱን ግማሽ የምትወስደው እሷ ነበረች። ሻይ በወተት የሚጠጡ ደንበኞቿ የወይራውን ጠረን ስለሚወዱት ሌላ ወተት ብታቀርብላቸው ያውቁባት ነበር።

ከዚያ ከተራራው ትከሻ በላይ ለሚገኘው አዲስ መንደር የድንጋይ መንገድ ተሠራ። መንገዱ መሠራቱ ሸጋ ነበር፣ አልቃወምም። ሥራው ሲያልቅ ግን ገልባጭ ማኪናዎች ከየት እንደ ተዛቀ የማይታወቅ ትርፍ አፈር አምጥተው ዳገቱ ላይ እየገለበጡ ሄዱ። አማቴና እኔ ጠዋት ስንወጣ አጋሙ ላይ የወደቀውን ቁልል አይተን ማን ያነሳው ይሆን ተባባልን። ያነሳው የለም።

ክረምት ሲገባ ያ አፈር አረንጓዴ ለበሰ። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ አሪቲ የሚመስል፣ አበባው እንደ ተከካ ገብስ ነጭና ደቃቅ የሆነ ተክል ነው። አማቴ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አሸተቱትና አሪቲ አይደለም አሉ። ታዲያ ምንድን ነው ብላቸው አላውቀውም አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በኖሩበት ተራራ ላይ የማያውቁት ነገር ማየታቸው ቅር እንዳሰኛቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ሐምሌ ሳያልቅ ተክሉ ከአፈሩ ቁልል ወርዶ ሣሩ ውስጥ ገባ። እሱ የገባበት ቦታ ሣሩ እየሳሳ ሄደ።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ ወተቱ መረረ።

እትዬ በጾም ወራት ወተታቸውን የሚሸጡት ለእኛ ለሙስሊሞቹ ነው። ክርስቲያን ደንበኞቻቸው ጾሙ እስኪፈታ አይወስዱም፣ እሳቸው ራሳቸውም አይቀምሱም። መጀመሪያ አማቴ ብርጭቆውን ከአፋቸው መልሰው ምነው ዛሬ አሉ። እኔ ያፈላሁበት ድስት በደንብ አልታጠበም ይሆናል ብዬ ደፋሁት። በማግስቱም ያው ሆነ። ከሰዓት በኋላ አክስቴ ደውላ ደንበኞቼ ሻያቸውን መለሱብኝ፣ ሴትዮዋ ወተቱ ውስጥ ምን ጨምራበት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ወደ እትዬ ቤት ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ቅል ያጥቡ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ወተቱ ጣዕሙ ተለወጠ መሰለኝ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ጨመርሽበት ነው የምትዪኝ?»

እንደዚያ እንዳላልኩ ነገርኳቸው። ቅሉን አገላበጡት።

«እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ልቅመሰው ብል አልችልም» አሉ። «አንቺ ቅመሽልኝና እውነቱን ንገሪኝ።»

ገብተው የዕለቱን ወተት በስኒ ቀድተው አመጡልኝ። ስቀምሰው ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም። ልዋሻቸው ፈልጌ ነበር። ወተቱ ግን እንደ ሬት ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት ነበረው፤ ፊቴ አስቀድሞ ነገራቸው። መሯል አልኳቸው። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና እመቤቴ ትመስክርብኝ፣ እጄ ንጹሕ ነው አሉ። ያን ዕለት የወይራውን እንጨት ቀየሩ፣ ቅሉን በፈላ ውሃ ደጋግመው አጠቡ። ጠዋት ወተቱ ያው መራራ ነበር።

በዚህ መሐል ወሬው ሻይ ቤት ውስጥ ሌላ መልክ ያዘ። ያን ሰሞን በከተማችን ሰው ጎረቤቱን በጥርጣሬ የሚያይበት ጊዜ ነበር፤ ትንሽ ነገር ቶሎ ትልቅ ይሆናል። ከደንበኞቹ አንዱ ሴትዮዋ እሷ በምትጾምበት ወር ለእኛ ለይታ ያደረገችው ነገር አለ ብሎ ተናገረ። አክስቴ ነገሩን ሰምታ ዝም አላለችም፤ ለመጣው ሁሉ ደገመችው። የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው፤ እንደ ቀልድ አድርጋ ነገረችኝ።

እትዬ፣ አማቴ በታመሙ ጊዜ ሌሊቱን ከእኛ ጋር የሚያነጉ ሰው ናቸው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እኔ ከሌለሁ የሚገቡት እሳቸው ቤት ነው። ይህን ሁሉ አክስቴ ታውቃለች።

«ይህን ወሬ ከአፍሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ያልኩት ሰው ያለውን ነው።»

«ሰው ያለውን መድገምሽ እኮ ነው ጥፋቱ። እዚያ ሰፈር የምኖረው እኔ ነኝ፤ ነገ ቤታቸው ላይ ድንጋይ ቢወረወር የምደርሰው እኔ ነኝ።»

እሷ እንግዲህ ወተቱ መረረ አይደል ወይ ብላ ወደ ምድጃዋ ዞረች። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እትዬ ወሬው ጆሯቸው ከገባ በኋላ ከቤት መውጣት ተዉ። ላሚቱን ወደ እንስሳት ክሊኒክ እንውሰዳት ብዬ የጎተጎትኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ላሚቱን ከፊት እየሳቡ፣ እኔ ከኋላ በለምለም ቅጠል እየነዳሁ በከተማው መሐል አለፍን። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ላም ስትነዳ ያየኝ ሁሉ ሳቀ። እትዬ ግን ገመዱን ይዘው ፊት ለፊታቸውን ብቻ እያዩ ይሄዱ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የላሚቱን ጡትና አፍ አይታ ጤነኛ መሆኗን ተናገረች፤ የት እንደምትሰማራ ጠየቀችን። ተራራው ላይ ስንላት ወደ ክሊኒኩ አጥር ሄደች፤ ከዚያ ያንን አሪቲ መሳይ ተክል ከነሥሩ ነቅላ አመጣች። እዚያም በቅሏል ማለት ነው። አዲስ ሣር ስታጣ ይህን ትበላለች ወይ አለችን። ተራራው በዚህ ተሸፍኗል አልኳት።

«ቅንጨ አረም ይባላል» አለች። «ወተቱን የሚያመርረው ይኼ ነው። እናንተ ምንም አላጠፋችሁም።»

እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ሐኪሟ አበባው ሳይፈካ፣ መሬቱ እርጥብ እያለ ከነሥሩ መነቀል እንዳለበት፣ በባዶ እጅ መንካት ቆዳን እንደሚያሳክክ፣ ብናኙም አስም ላለበት ሰው መጥፎ እንደሆነ አስረዳችን። ይህን ስትል አማቴ ታወሱኝ። ከሐምሌ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደረታቸው እየባሰ የሄደው ለካ በዚህ ምክንያት ነበር፤ እኔ ደግሞ ብርዱ ነው እያልኩ ወደዚያው ዳገት እወስዳቸው ነበር።

ከክሊኒኩ ስመለስ አንዱን ዘለላ በፌስታል ይዤ አክስቴ ሻይ ቤት ገባሁ። ደንበኞቿ ተቀምጠው ነበር። ፌስታሉን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩትና ወተቱን ያመረረው ይኸው፣ ሴትዮዋ አይደለችም አልኳቸው። ወሬውን የጀመረው ሰውዬ የት እንደተቀመጠ አላውቅም፤ ሁሉም ብርጭቆውን ያይ ነበር። አክስቴ ታዲያ እኔ ምን አውቄ አለችኝ። ይቅርታ አላለችም። ከዚያ ቀን በኋላም የእትዬን ወተት አልወሰደችም፤ ስም አንዴ ከጠፋ ደንበኛ አይመለስም አለች። ስሙን ያጠፋው ማን ሆኖ!

ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ለመንቀል ተስማማን። እኔ፣ እትዬ፣ ሌሎችም ጎረቤቶቻችን ከቤታችን ጀርባ ካለው ዳገት ጀመርን። ጓንት ስላልነበረን እጃችን ላይ ፌስታል አጠለቅን። ፌስታሉ ይቀደዳል። ማታ ማታ ክንዴ ያብጣል፣ እስከ ክርኔ ድረስ በቀያይ ነጠብጣብ ተሸፍኖ ይበላኛል። ቢሆንም አረሙ የተነቀለበት ቦታ ሲታይ ደስ ይል ነበር። ከሥሩ የተጎሳቆለ ሣር፣ ትንንሽ የወይራ ቡቃያዎች፣ ጠውልጎ የተረፈ ክትክታ ብቅ ይላል። እትዬም ከዚያ ከክሊኒኩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

ጥበቃው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ተራራውን አረንጓዴ ቦታ ብሎ ከልሎት ኖሯል፤ ለእኛ የነገረን ሰው አልነበረም። ጥበቃው በደባርቅ መንገድ ካለ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ካፖርታቸው ከእሳቸው ይሰፋል። ማጭዴን ተቀበሉኝ፣ የሌሎቹንም ሰበሰቡ።

«ምነው ልጄ፣ የመንግሥት አረንጓዴ ትነቅያለሽ?»

«አያ፣ ይኼ እኮ አረም ነው።»

«አረም መሆኑን እኔም አያለሁ። ገበሬ ነበርኩ። ግን አረንጓዴ የሆነ ነገር እንዳይነካ ተብያለሁ። ለይ ያለኝ የለም።»

ሽማግሌውን ልቆጣቸው አልቻልኩም። ንዴቴን ይዤ ቢሮ ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስመላለስ ዋልኩ፤ መጨረሻ ላይ የሚመለከተው ባለሙያ ይኸ ነው የተባልኩት ወጣት ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ በትሕትና የሚናገር ሰው ነበር። ስለ ወተቱ፣ ስለ አማቴ ደረት፣ ስለ ሣሩ ነገርኩት። አላቋረጠኝም፤ ሲያዳምጠኝ ግን ስልኩን እያየ ነበር። ከጨረስኩ በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ አሳየኝ። ተራራችን እዚያ ላይ አረንጓዴ ተቀብቷል።

«እኛ የምንፈልገው ከከተማው ሲታይ አረንጓዴ እንዲሆን ነው» አለኝ። «አሁን ደግሞ አረንጓዴ ነው።»

ሰው ይህን በቅንነት ሊለው እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይተላለፋል እንዴ አለኝ። የሚተላለፈው ተራራው ላይ ነው አልኩት። ጉዳዩ ጥናት እንደሚያስፈልገው፣ በቀበሌ በኩል ማቅረብ እንዳለብኝ ነግሮ በር ድረስ ሸኘኝ። ለቀበሌም አቀረብኩ። ቀበሌው የተራራው ባለቤት እኛ አይደለንም አለ።

ክረምቱ አለፈ። አረሙ አበበ፣ ዘር ቋጠረ፣ በበጋው ፀሐይ ደረቀ። እኛ ከቁልቋሉ ወዲህ ቆመን ስንመለከተው ከረምን።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ ለበዓሉ የሚመጣው እንግዳ ከተማውን አምሮ እንዲያይ ተብሎ ጽዳት ታወጀ። አንድ ጠዋት የቀን ሠራተኞች መጥረቢያና ገጀራ ይዘው ተራራው ላይ ወጡ። እኔ መጀመሪያ አረሙን ሊያነሱ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚቆርጡት ክትክታውን ነበር። አጋሙን፣ ቀጋውን፣ ገና ከወገብ ያልዘለለውን ወይራ ሁሉ እያጋደሙ ወደ ላይ ሄዱ። ቁጥቋጦ ለሌባ መደበቂያ ይሆናል ተብሎ ነው አሉ። ያን ሁሉ ዓመት አማቴን ይዤ ስወጣ አንድ ሌባ አላየሁም።

እትዬና እኔ ሮጠን ወጣን። ትልቁ ወይራ ሥር ደርሰን ቆምን፤ ለቅላቸው ማጠኛ የሚቆርጡት ከእሱ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ እናቶች ገለል በሉ፣ እንጨት ይወድቅባችኋል አለ። እትዬ ግንዱን ተደግፈው ተቀመጡ። አለቃው ተራራው የእናንተ ነው ወይ ሲለኝ የማን እንደሆነ ንገረኝና ለባለቤቱ ልንገረው አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ማን ጋ እንደደወለ አላውቅም። ከዚያ ሠራተኞቹን ይዞ ወደ ሌላው ጎን ዞረ፤ እኛም ያቸነፍን መስሎን ፀሐይ እስኪበረታ ቆየን። እትዬ ላሚቱን ለማጠጣት ሲወርዱ አብሬያቸው ወረድኩ። ገና ግቢያቸው ሳንደርስ የመጥረቢያውን ድምፅ ሰማን።

እትዬ ዞረው አላዩም። ላሚቱን አጠጡና ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ጓሮ ቆሜ ጮህኩ፤ ስድብ እንደማውቅ ያን ቀን ነው የገባኝ። ልጆቼ ወጥተው አዩኝ። ባሌ በእጁ ትከሻዬን ይዞ አስገባኝ።

የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ሁሉ የደረቀው አረም ላይ እየጎተቱ ወደ ታች አወረዱት። ዘሩን በየጓሯችን፣ በየፈፋው ዘርተውልን ሄዱ ማለት ነው። በባዶው ዳገት ላይ ደግሞ መስመር ይዘው ችግኝ ተከሉ፤ ግማሹ ባህር ዛፍ፣ ግማሹ የወፍ ቆሎ ነው። የወፍ ቆሎ አበባው ቢጫና ሮዝ የተቀላቀለበት፣ ለዓይን የሚያምር ነው። ባሌ ግን ጨርቅ ይዞ ወደ አዲ አርቃይ ስለሚመላለስ ቆላው መንገድ ላይ አይቶታል፤ ለአጥር ተተክሎ ከአጥሩ አልፎ ግጦሹን የወረሰበትን ቦታ ያውቃል። ለበዓሉ የመጡ እንግዶች ዳገቱ ላይ ወጥተው አበባው አጠገብ ፎቶ ተነሱ። ጥበቃው ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ከተማው አዙረው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን በአጠገባቸው ሳልፍ ሰላምታዬን ተቀብለው እኔ ላይ አትዘኚ አሉኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ጓሯችንም ተወረረ። አማቴ መስኮት ዘግተው ተቀምጠው እንኳ ይታፈኑ ነበር። ሐኪሙ ከአካባቢው ራቅ ቢሉ ይሻላል ስላለ አዘዞ ወዳለው ሌላው ልጃቸው ቤት ወሰድናቸው። ሙሽራ ሆነው የገቡበትን ቤት ጥለው ሲወጡ ማኪናው ውስጥ ገብተው የእኔን እጅ ይዘው ቆዩ። አሁንም እዚያው ናቸው። ስሄድ ተራራው እንዴት ነው ብለው አይጠይቁኝም።

እትዬ ላሚቱን ግቢ ውስጥ አስረው ጭድ እየገዙ ሞከሩት። አልቻሉም። ማክሰኝት ገበያ ወስደው ሸጧት። ከገበያው ሲመለሱ ገመዷን ጠቅልለው በእጃቸው ይዘው ነበር። ጥቂት ወራት ቆይተው እንፍራንዝ ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ቤታቸውን የተከራዩት ሰዎች ጥሩ ናቸው፤ እኔ ግን እስካሁን በራቸውን ሳላንኳኳ አልፋለሁ።

ከዚያ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ዘመቻ መጣ። አረሙ ወደ ከተማው መሐል ገብቶ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በቅሎ ስለነበር ይመስለኛል። ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ድምፅ ማጉያ የጫነ ማኪና ሰፈራችን ቆመ። ቲሸርትና ኮፍያ የለበሱ ሰዎች ተራራው ላይ ፈሰሱ። ቢሮ ውስጥ ካርታውን ያሳየኝ ወጣት ከፊት ነበር፤ በሹመት ከፍ ብሏል፣ ሌሎች ያጅቡታል። አረሙ ሙሉ በሙሉ አብቦ ሳለ፣ ያለ ጓንት፣ እየነቀሉ እዚያው ከመሩት። ከምሩ እዚያው ደርቆ ዘሩን እንደሚበትን የሚያውቅ ካለ ዝም ብሏል። ወጣቱ አወቀኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጉዳዩን ሲከታተሉ የነበሩ የሰፈሩ እናት ብሎ ለካሜራው አስተዋወቀኝና ጥቂት ቃል እንድናገር ማይክሮፎን ያዘልኝ። ኮፍያም ሊያለብሰኝ ነበር፤ እጁን በእጄ መለስኩት።

«ይህን ስነቅል ያስያዛችሁኝ እናንተ ናችሁ» አልኩት። «ጎረቤቴ ላማቸውን ሸጠው ሄደዋል። አማቴ ከቤታቸው ወጥተዋል። ያኔ የተቆረጠው ወይራ ጉቶው ያውልህ፣ ከኋላህ ነው። ካሜራውን ወደዚያ አዙረው።»

ካሜራ የያዘው ልጅ ወደ ወጣቱ አየ። ወጣቱ ፈገግ ብሎ እናመሰግናለን አለ። ማይክሮፎኑ ወደ ሌላ ሰው ሄደ። ማታ በዜና ስለ ሕዝቡ ተነሳሽነት ተወራ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ እታያለሁ፣ ድምፄ የለም። ባሌ ቢያንስ ነገርሽው አለኝ። መንገሬ ምንም አልለወጠም፤ ይህን ማለቱም አናደደኝ።

ባለፈው ዓመት እንፍራንዝ እትዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከስተዋል። የልጃቸው ቤት አስፋልቱ ዳር ነው፤ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ያ ነጭ አበባ ወደ እርሻው ሲገባ አየሁት። ልጃቸውን ጠርቼ ሐኪሟ የነገረችንን ሁሉ ነገርኳት፤ መቼና እንዴት እንደሚነቀል። እትዬ ደጃፍ ተቀምጠው ሲያዳምጡን ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ጊዜ ቅመሽልኝ ስልሽ ደግ ነው ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ አላምንሽም ነበር» አሉኝ። «ዕውነቱን ስለ ነገርሽኝ ነው ከሰው ጋር ያልተጣላሁት።»

እኔ ለእሳቸው ስል ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ። ከአክስቴ ጋር በዒድ እንጠያየቃለን፣ ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለም። ይህን አልነገርኳቸውም።

አሁን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር በሰኔ መጨረሻ፣ አበባው ሳይወጣ፣ ጓንት አድርገን እንወጣለን። ሽማግሌው ጥበቃ ሲያዩን ወደ ላይኛው መንገድ ይሄዳሉ፤ እኛም የት ሄዱ ብለን አንጠይቅም። ከፈፋው ወዲህ ያለውን አጽድተናል፤ እዚያ ክትክታው መልሶ መብቀል ጀምሯል። ከፈፋው ወዲያ ያለው ዳገት ግን የወፍ ቆሎው ከባህር ዛፉ ጋር ገጥሞ እሾሃማ ግድግዳ ሆኗል፤ ሰውም ከብትም አያልፍበትም፣ አቅማችንም አይደርስበትም። ከከተማው ሆኖ ለሚያየው ሰው በጣም አረንጓዴ ነው። ክንዴ በየክረምቱ ያብጣል። ሐኪም ቅባት ይሰጠኛል፣ ይህን ሥራ ተዪው ይለኛል። እሺ ብዬ እወጣለሁ፤ በማግስቱ ጓንቴን አጥልቄ ዳገቱን እጀምራለሁ፣ ከንዴቴ ጋር።